ከዝናብ በኋላ የተገኘችን የጉንዳን ንግሥት መለየት፦ ከወገቧ ጀምሮ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞቻችን፣ የበልግ ወይም የክረምት መግቢያ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ በየግቢው፣ በየግንቡ ሥርና በየአስፋልቱ ዳር ክንፏን የጣለች አንዲት ትልቅ ጉንዳን ብቻዋን ወዲያና ወዲህ ስትል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ጉንዳን እንደምጽፍ የሚያውቁ ወዳጆች እንዲህ ያለችውን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ይልኩልኝና «ይህቺ የምን ጉንዳን ንግሥት ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሁልጊዜም ደስ ያሰኘኛል፤ መልሱ ግን ከላይ ከተነሣ አንድ ፎቶ እምብዛም አይገኝም። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከቀለሟና ከመጠኗ ነው። እኔ ደግሞ ቀለምና መጠን በመጨረሻ መታየት አለባቸው ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚታየው ወገቧ ነው፤ ከዚያ የሆዷ ጫፍ፣ ከዚያም አንቴናዋ። ይህ ቅደም ተከተል ከተጠበቀ፣ አንዲትን ንግሥት ሳይንሱ ጂነስ በሚለው፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች በሚሰባሰቡበት ደረጃ ለይቶ ማወቅ ትዕግሥትና ርካሽ አጉሊ መነጽር ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሥራ ነው። ከጂነስ ወርዶ ዝርያዋን መጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት የተያዘችው በእርግጥ የጉንዳን ንግሥት መሆኗ ይረጋገጥ። ከዝናብ በኋላ እንደ አሸን የሚፈላው ክንፋም ሁሉ ጉንዳን አይደለም፤ ብዙው ምስጥ ነው። የምስጥ አራቱም ክንፎች ርዝመታቸው እኩል ነው፤ አንቴናው በክር እንደተሰካ ጨሌ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ደረቱና ሆዱም መካከላቸው ሳይቀጥን ይገናኛሉ። የጉንዳን የፊት ክንፎች ግን ከኋለኞቹ በግልጽ ይረዝማሉ፤ አንቴናዋ ከመካከሉ ታጥፎ ክርን ይሠራል፤ በደረቷና በሆዷ መካከልም ቀጭን ወገብ አለ። ክንፎቿን ጥላ ቢሆን እንኳ አንቴናዋና ወገቧ ብቻ ለዚህ መልስ ይበቃሉ።

ወንዱ ጉንዳንም ክንፋም ስለሆነ ከንግሥት ጋር ይምታታል። የወንዱ ራስ ከደረቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ዓይኖቹ ጎላ ያሉ ናቸው፣ መንጋጋው ደካማ ነው፣ ሆዱም ቀጠን ይላል፤ ክንፉንም ንግሥቲቱ እንደምታደርገው ራሱ አይጥልም። በተለይ ሰዎችን የሚያሳስተው ማታ ማታ ወደ አምፖል እየበረረ የሚመጣው፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርሰው፣ ሆዱ ረጅምና ድቡልቡል የሆነው ቀይ ቡናማ ነፍሳት ነው። ይህ ተርብም ንግሥትም አይደለም፤ በሰልፍ እየተጓዙ ያገኙትን ሁሉ የሚወርሩት የዶሪለስ ጉንዳኖች ወንድ ነው። የዶሪለስ ንግሥት ዓይን የላትም፣ በዕድሜዋ ሙሉ ክንፍ አታበቅልም፣ ብቻዋንም ወጥታ ጎጆ አትመሠርትም፤ አዲስ መንጋ የሚፈጠረው ነባሩ መንጋ ለሁለት ሲከፈል ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ ብቻዋን የምትሄድ ንግሥት ካገኘን ዶሪለስን ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ማውጣት እንችላለን።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ንግሥትን ከትልቅ ሠራተኛ መለየት ነው። እንደ ካምፖኖተስና ፌይዶሌ ባሉ ጉንዳኖች ዘንድ ራሳቸው እጅግ የገዘፈ ሠራተኞች ስላሉ መጠን ብቻውን ምስክር አይሆንም። መታየት ያለበት ደረቷ ነው። የሠራተኛ ደረት ጠባብና ቀለል ያለ ነው፤ የንግሥት ደረት ግን የበረራ ጡንቻ የተሸከመ ስለነበር ወፍራምና ጎበጥ ያለ ሆኖ፣ በጀርባው ላይ የተለያዩ ሳህኖች የተጋጠሙባቸው ስፌቶች ይታያሉ። በሁለቱም ጎን ክንፎቹ የነበሩባቸው ቦታዎች ጠቆር ያሉ ጥቃቅን ጠባሳዎች ሆነው ይቀራሉ። በግንባሯ ላይ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ነጠላ ዓይኖች መኖራቸውም ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆኖም እንደ ካታግሊፊስ ያሉ የበረሃ ጉንዳኖች ሠራተኞችም እነዚህ ዓይኖች ስላሏቸው፣ ይህን ምልክት ከደረቷ ጋር አጣምሮ ማየት ይገባል።

ነገሩን በአንዲት ንግሥት ላይ ላሳይ። በሰኔ ዝናብ ማግሥት ጉለሌ ውስጥ ከአንድ ግቢ የድንጋይ ካብ ሥር የተገኘች ናት። ክንፏን ጥላለች፣ ደረቷ ጎበጥ ያለ ነው፣ ጠባሳዎቹም በግልጽ ይታያሉ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጌ ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኋት፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ከታች በመደርደሪያው ላይ ማለቴ ነው። ቅዝቃዜው እንቅስቃሴዋን ያዘገየዋል እንጂ ለአጭር ጊዜ ከሆነ አይጎዳትም። ከዚያም ቱቦውን በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ አጋድሜ ርዝመቷን ስለካ 15 ሚሊ ሜትር ሆነ። ፎቶዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ሙሉ በሙሉ ከጎን፣ አንዱ ፊት ለፊት ከራሷ፣ አንዱ ከላይ። አንትዌብ በተባለው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ የጉንዳን ማኅደር ውስጥ ናሙናዎች የሚቀርቡት በእነዚሁ ሦስት አቅጣጫዎች ስለሆነ፣ የራሳችንን ፎቶ ከዚያ ካለው ጋር ጎን ለጎን ለማስተያየት ይመቻል። አንድ ብቻ ማንሣት የሚችል ሰው የጎኑን ያንሣ፤ ወገቧን የሚያሳየው እሱ ነውና።

የጉንዳን ወገብ አንድ ወይም ሁለት ጉጥ አለው፤ ይህም ትልቁን ክፍፍል ይሠራል። ሁለት ጉጥ ካለው፣ እኛ አገር በምናገኛቸው ንግሥቶች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ሚርሚሲኔ ከተባለው ንዑስ ቤተሰብ፣ ማለትም ብዙ ጂነሶችን ከሚያቅፈው ቡድን ነው። አንድ ጉጥ ካለው ደግሞ ፎርሚሲኔ፣ ዶሊኮደሪኔ ወይም ፖኔሪኔ ሊሆን ይችላል። የጉለሌዋ ንግሥት ወገብ አንድ ጉጥ ብቻ ነበረው፤ እሱም ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከጎን ሲታይ ሳሳ ያለ ቅርፊት ነው። በዚህ አንድ ምልከታ ብቻ ባለ ሁለት ጉጥ የሆኑትን ጂነሶች፣ ሜሶርን፣ ፌይዶሌን፣ ክሬማቶጋስተርንና ቴትራሞሪየምን አንድ ላይ ተሰናበትናቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆዷ ጫፍ ይታያል። ለዚህ ንግሥቲቱን በጣት መያዝ አያስፈልግም፣ አይገባምም። ከቱቦው በአንድ በኩል ጥጥ ቀስ እያደረግን ስናስገባ ለመንቀሳቀስ የሚተርፋት ቦታ ይጠብና ሆዷ ወደ መስታወቱ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ጫፉን ማየት ይቻላል። የጉለሌዋ ጫፍ ላይ ጥቃቅን ፀጉሮች ዙሪያውን እንደ አጥር የከበቡት ክብ ቀዳዳ ነበረ። በዚያ ቀዳዳ በኩል ፎርሚክ አሲድ ይረጫል፤ ንግሥቲቱ ከተደናገጠች በኋላ ቱቦው ሲከፈት አፍንጫን የሚወጋ የኮመጠጠ ሽታ የሚወጣው ከዚህ ነው። ይህ ቀዳዳ የፎርሚሲኔ ብቻ ምልክት ስለሆነ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም። ፖኔሪኔ ብትሆን ኖሮ በቦታው መንደፊያ እናገኝ ነበር፤ ዶሊኮደሪኔ ብትሆን ደግሞ ፀጉር የሌለው ስንጥቅ።

ሦስተኛው አንቴናዋ ነው። ከራስ ተነሥቶ ክርኑ ድረስ የሚደርሰው ረጅሙ ክፍል እንደ አንድ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አጫጭር አንጓዎች አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። ቈጠራው በዓይን ከሚሠራ ይልቅ ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ ሰፋ ተደርጎ ቢሠራ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሕያው ንግሥት አንቴናዋን ለአፍታም አታሳርፍም፤ በፊት እግሯ ላይ ባለው ማበጠሪያ ውስጥ እያሳለፈች ደጋግማ ታጸዳዋለች። የጉለሌዋ ድምሩ 12 ሆነ። በዚህም በአገራችን ብዙ የሆነው ሌፒሲዮታ ወጣ፤ የእሱ አንቴና 11 አንጓ ነው። ከዚህ የበለጠው ማስረጃ ግን አንቴናው የተተከለበት ቦታ ነው። ከመንጋጋው በላይ ያለው የፊት ሳህን የኋላ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ያበቃል፤ በብዙ ፎርሚሲኔዎች አንቴናው የሚነሣው ከዚያ ጠርዝ ላይ ወይም ከአጠገቡ ነው። በእሷ ግን በጠርዙና በአንቴናው መነሻ መካከል ግልጽ ክፍተት ነበረ። ይህና ከኋላ እግሯ መነሻ በላይ የእጢ ቀዳዳ አለመኖሩ ካምፖኖተስንና የቅርብ ዘመዱን ፖሊራኪስን ብቻ ይተዋል። ፖሊራኪስ በወገቡ ጉጥ ላይ እሾኾች አሉት፤ እሷ የላትም። ካምፖኖተስ ናት።

እዚህ ላይ መጽሐፍትንና የድረ ገጽ መለያዎችን የሚከተሉ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጉንዳንን ለመለየት የተዘጋጁት መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ለሠራተኛ ጉንዳን ነው። «ደረቱ ከጎን ሲታይ ያለ መቈራረጥ እንደ ቀስት የጎበጠ» የሚለው የካምፖኖተስ ምልክት ለሠራተኛው እውነት ሲሆን ለንግሥቲቱ አይሠራም፤ የእሷ ደረት በክንፍ ምክንያት ፍጹም ሌላ ቅርጽ አለው። በደረት ጫፍ ላይ ያሉ እሾኾችም በንግሥት ላይ ሊያጥሩ ወይም ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ መመሪያን ለንግሥት ስንጠቀም በንግሥትና በሠራተኛ መካከል ብዙ የማይለወጡትን፣ ማለትም ወገብን፣ የሆድን ጫፍ፣ የአንቴናን አንጓ፣ የፊት ሳህንንና መንጋጋን እንመን፤ ስለ ደረት የተጻፈውን በጥንቃቄ እንለፈው።

ወገቧ ባለ ሁለት ጉጥ ለሆነች ንግሥት መንገዱ ሌላ ነው። ክሬማቶጋስተርን ለመለየት ከሁሉ ይቀላል፤ ሁለተኛው ጉጥ ከሆዱ ጋር የሚጋጠመው በፊት ለፊት ሳይሆን በላይ በኩል ሲሆን፣ ሆዱም ከላይ ሲታይ የልብ ቅርጽ አለው። በግራር ዛፍ እሾኾች ውስጥ የሚኖሩት ጉንዳኖች ብዙዎቹ የዚህ ጂነስ አባላት ናቸው። ፌይዶሌ 12 አንጓ ያለው አንቴናና በጫፉ ላይ በግልጽ የደነደኑ ሦስት አንጓዎች አሉት። ሜሶር፣ ማለትም እህልና የሣር ፍሬ የሚሰበስበው፣ አንጓው እንዲሁ 12 ቢሆንም ጫፉ እንዲህ አይደነድንም፤ ራሱ ሰፊ፣ መንጋጋው ጠንካራ ነው፤ በብዙዎቹም ዝርያዎች ከራሳቸው ሥር አፈር ለመሸከም የሚያገለግል ረጃጅም ፀጉር አለ።

መጠንና ቀለም ወደ ኋላ ይቅሩ ያልኩበት ምክንያት አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ካሬባራ የሚባለውን የአፍሪካ ጂነስ እንውሰድ፤ የካሬባራ ቪዱዋ ንግሥት ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ልትሆን ስትችል ሠራተኞቿ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው። የሠራተኞቹን መጠን ዐይቶ ንግሥቲቱን የሚገምት ሰው ፈጽሞ አያገኛትም። ቀለም ደግሞ በአንድ መንጋ ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ ገና ወደ ሙሉ ጉንዳንነት የተለወጠች ጉንዳን ፈዛዛ ናት፣ ውላ አድራ ትጠቁራለች። የጉለሌዋ ንግሥት ራሷና ደረቷ ጥቁር ቡናማ ሆኖ እግሮቿ ወደ ብጫ ያደሉ ነበሩ። ይህን ይዞ «ካምፖኖተስ ማኩላተስ ናት» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ካምፖኖተስ ማኩላተስ እ.ኤ.አ. በ1782 ፋብሪሲየስ ከሴራሊዮን በመጣ ናሙና የሰየመው ዝርያ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ በሙሉ እሱን የሚመስሉ ብዙ ጉንዳኖች በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ዛሬ የሚታወቀው ተቀራራቢ ዝርያዎች የተሰባሰቡበት ቡድን መሆኑ ነው፤ የሚለያዩትም በራስ ሥርና በእግር ላይ በቆሙ ፀጉሮች፣ በተለይም በትልልቆቹ ሠራተኞች ራስ ቅርጽ ነው። ሠራተኛ የሌላት ብቸኛ ንግሥት ይህን ማስረጃ ይዛ አትመጣም። ስለዚህ በማስታወሻዬ የጻፍኩት «ካምፖኖተስ፣ የማኩላተስ ቡድን ሊሆን የሚችል፣ ዝርያው ያልተለየ» የሚል ነው። ይህ ጎደሎ መልስ አይደለም፤ ማስረጃው እስከሚፈቅደው ድረስ የሄደ ሙሉ መልስ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከአንድ ደብዘዝ ያለ ፎቶ የዝርያ ስም እየተሰጠ ሲታለፍ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ የተሳሳተ ስም በየመዝገቡ ሲገለበጥ ይኖራልና።

ስሙ በሕይወቷ ላይም ይወስናል። እንደ ካምፖኖተስ ያለች ንግሥት ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ራሷን በጨለማ ጉድጓድ ዘግታ፣ በሆዷ ያጠራቀመችውን ስብና ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን የክንፍ ጡንቻ እያሟሟች የመጀመሪያዎቹን እጮች ትቀልባለች። እርጥበት፣ ጨለማና ጸጥታ ካገኘች ምግብ አትፈልግም፤ በየቀኑ እያዩ ማስቸገር ነው የሚገድላት፣ ስትጨነቅ እንቁላሏን መልሳ ትበላለችና። አንድ ጉጥና መንደፊያ ያላት የፖኔሪኔ ንግሥት ግን ብዙውን ጊዜ እየወጣች ማደን አለባት፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ምግብ ብትቀመጥ ትሞታለች። በዚያው ንዑስ ቤተሰብ የምስጥ ወራሪዋ የሜጋፖኔራ ንግሥት ደግሞ ከነጭራሹ ክንፍ የላትም፤ ስለዚህ የክንፍ ጠባሳ በመፈለግ ልናገኛት አንችልም። ያለ ስም እንክብካቤ መስጠት በግምት መድኃኒት ማዘዝ ይሆናል ማለቴ ነው።

የጉለሌዋን በእርጥብ ጥጥ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በጨለማ አስቀመጥኋት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የክረምት ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ የእጭ ዕድገት ደግሞ ሙቀትን ይከተላል። በሞቃት ስፍራ በአንድ ወር ተኩል የሚደርሱ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እዚህ ሊዘገዩ እንደሚችሉ አውቆ መታገሥ ነው። የመጀመሪያዎቹም ሠራተኞች ሁሉም ትናንሽ ናቸው፤ የዝርያ ማስረጃ የሚገኝባቸው ትልልቆቹ የሚመጡት መንጋው ከበረከተ በኋላ ነው። የጉንዳን ንግሥት ግን ቸኩሎ የሚያልፍ ፍጥረት አይደለችም፤ በአውሮፓ በሰው እጅ የኖረች አንዲት የላሲየስ ናይጀር ንግሥት ወደ 29 ዓመት ገደማ ቈይታለች።

ስሙ ቢዘገይ እንኳ ወዲያው መጻፍ ያለበት ነገር አለ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ዝናቡ መቼ እንዳቆመ፣ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ወይም ግንብ። እንዲህ ያለው መዝገብ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለች ትንሽ ጉንዳን የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ጭምር በያዘ አካባቢ እርስ በርስ የማይዋጉ ግዙፍ መንጋዎች መመሥረቷን፣ ትልቁም 38 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚዘረጋ አሳይቷል። በቤታችን ደጃፍ የምትሄድ ጉንዳን እንዲህ ያለ ታሪክ ሊኖራት ይችላል፤ የት መቼ እንደታየች ያልተጻፈላት ንግሥት ግን ለእንዲህ ያለ ጥናት ምንም አትጠቅምም።

ቦታውን መጻፍ ስል በየአደባባዩ ማወጅ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በኬንያ ናይቫሻ ሁለት የቤልጅየም ወጣቶች 5,000 ያህል የጉንዳን ንግሥቶች በጥጥ በተዘጉ ጥቃቅን ቱቦዎች ይዘው ተገኙ፤ ዋነኛዋም ሜሶር ሴፋሎተስ የተባለችው ትልቋ የምሥራቅ አፍሪካ እህል ሰብሳቢ ነበረች። በሜይ ወር እነሱና ሌሎች ሁለት ተከሳሾች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸዋል። እያንዳንዷ ንግሥት ገና ያልተወለደ መንጋ ናት፤ ከአንድ አካባቢ በሺህ የሚቈጠሩትን መልቀም የዚያን አካባቢ የነገ መንጋዎች መልቀም ነው። በእኛም አገር የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ሀብት ወደ ውጭ ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ «ንግሥቲቱን በፖስታ ላክልኝ፣ ከየት አካባቢ እንዳገኘሃትም ንገረኝ» የሚል የማይታወቅ ሰው መልእክት ሲመጣ መልሱ አንድ ነው፤ አይሆንም።

ለይቶ ማወቅን ብቻ የሚፈልግ ሰው ፎቶዎቹን ካነሣና ማስታወሻውን ከጻፈ በኋላ ንግሥቲቱን ባገኘበት ቦታ፣ በተለይም አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ቢለቃት ሥራው ሙሉ ነው። ከያዛት በኋላ ከሞተችበት ደግሞ አይጣላት። ንጹሕ አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትግባ፤ ቀኑንና ቦታውን የያዘ ቁራጭ ወረቀትም ከእሷው ጋር በውስጥ ይቀመጥ፤ ከላይ የሚለጠፍ ወረቀት ተልጦ ይጠፋል። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስለ እንዲህ ያሉ ናሙናዎች የሚጠየቅበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።